የወርቁ መርፌና አያ ዳኘው

ባለፈው ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ነበር። ከደብረ ታቦር የመጣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ አቡጀዲ እየለካልኝ የአገሬን ወሬ ስጠይቀው፣ «አያ ዳኘው የሚባሉት መርፌ ወጊ ሽማግሌ አረፉ አሉ» አለኝ። እሱ አያውቃቸውም፤ ከሰማው ወሬ አንዱን ነው የነገረኝ። ወዲያው ጨርቁን ክንዱ ላይ ዘርግቶ፣ «ስንት ክንድ ልቁረጥልዎ እናቴ?» አለኝ። አቡጀዲውን እጁ ላይ ትቼበት ተነሣሁ።

ቤቴ ስገባ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። የልጄ ሚስት አይታኝ ደነገጠችና፣ «ማን ሞተብዎ?» አለችኝ።

«ዘመድ» አልኳት።

የሥጋ ዘመዴ አልነበሩም። በጣሊያን ጊዜ አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ብዙ ወር አኩርፌያቸው ነበር። ግን ለሳቸው የወጣልኝ እንባ ለስንቱ ዘመዴ አልወጣልኝም።

ያወቅኳቸው ጣሊያን ደብረ ታቦር ገብቶ በተቀመጠ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባሌ ዘምቶ አልተመለሰም፤ ሕፃን ልጄን አዝዬ ሥራ ስፈልግ ከጣሊያን ሐኪም ቤት አንሶላ አጣቢ ሆንኩ። ሐኪም ቤቱ የነሱ ወታደር የሚተኛበት ነው፤ በስተጀርባው ግን አንዲት ክፍል ለአገሬው ሰው ተከፍታ ነበር። የዚያች ክፍል ሰው አያ ዳኘው ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት ከአንድ ፈረንጅ ሐኪም ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምረው ነበርና ጣሊያንም በዚያው ሥራቸው አቆያቸው። እኔ አንሶላ ሳጥብ ሳምንት ያህል አዩኝና፣ «እጅሽ ንጹሕ ነው፤ ነይ መርፌ ቀቅይልኝ» አሉኝ። በዚያው ከሳቸው ጋር ቀረሁ።

ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ አርባን የተሻገሩ ሰው ነበሩ። የመነጽራቸው አንድ እግር ተሰብሮ በጥቁር ክር ከጆሯቸው ጋር ይታሰራል። ያን ጊዜ መርፌ እንደ ዛሬው አንዴ ተወግቶ አይጣልም፤ ይቀቀላል፣ ሲደነዝም ይሳላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጅ ተቀምጠው መርፌዎቹን ዘይት በነካው ድንጋይ ላይ ይስሉና እያንዳንዱን በግራ ክንዳቸው ጠቅ አድርገው ይሞክሩታል። ክንዳቸው እንደ ወንፊት ነጠብጣብ ብቻ ነበር።

«ምነው አያ፣ ራስዎን ይወጋሉ?» ስላቸው፣

«ሰው ጮኾ ከምሰማ እኔው ልቅመሰው» ይሉኛል።

ከዚያ ሁሉንም እንድቀቅል ይሰጡኛል። ውሃው ከፈላ በኋላ ሃያ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት እስክደግም መርፌው አይወጣም። ሰው አናግሮኝ ካቋረጥኩ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ከሩቅ ሆነው ከንፈሬን ያያሉ እንጅ አንድም ቀን አልጠየቁኝም።

ያገራችን ሰው ደግሞ መርፌ ይወዳል። ራሱን ያመመውም፣ ልጅ ያልወለደችውም፣ ሐዘን የገባውም፣ ሁሉም «ውጉኝ» ነው የሚለው። እሳቸው ከሚወጉት የሚመልሱት ይበዛ ነበር። አንድ ጎበዝ መጥቶ፣ «ሚስቴ ጥላኝ ከሄደች ወዲህ ሆዴን ባዶ ባዶ ይለኛል፤ አንድ ቢወጉኝ» አላቸው። አያ ዳኘው ሆዱን ነካ ነካ፣ ምላሱን አየት አድርገው፣ «ለዚህ መርፌ የለኝም። ሽማግሌ ላክባት» ብለው ሸኙት። ሰውየው በሳምንቱ ዶሮ ይዞ ለምስጋና መጣ።

ወርቁ የመጣው ከዶቶሬው ጋር ነው። ዶቶሬ የምንለው የሐኪም ቤቱን አለቃ ነበር፤ ሽማግሌ ጣሊያን ነው። ጠላት ነውና ልወደው አልችልም፣ ግን ጣቶቹን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር። እንደ ዝንጅብል ሥር እዚህም እዚያም ጎብጠውና አብጠው ማንኪያ እንኳ አይጨብጡለትም። የከፋ ቁርጥማት ነው። ለዚያ በሽታው ከአገሩ የሚላክለት መድኃኒት በትንንሽ የመስታወት ብልቃጥ የታሸገ፣ የወርቅ ጨው የሚባል ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ መቀመጫ ላይ ይወጋል። ራሱ መውጋት ስላልቻለ አያ ዳኘውን አስተማራቸው፤ ማስተማሩም መውጋቱን ብቻ አልነበረም።

ሽንት በቀጭን ብልቃጥ ይቀዳል፤ በአልኮል መብራት ላይ ይሞቃል፤ አንድ ጠብታ አቼቶ ይጨመርበታል። ጥርት እንዳለ ከቆየ ደኅና ነው። እንደ እንቁላል ነጭ ከረጋ ግን መድኃኒቱ ኩላሊትን እየጎዳ ነውና አይወጋም። ከዚያ አፍ ይታያል፤ ድድ፣ ምላስ፣ ጉሮሮ። ከዚያ ቆዳ። ከዚያ በኋላ ነው መርፌ።

«ይህ ወርቅ ለምን እንደሚያሽል እኛም አናውቅም» ይል ነበር ዶቶሬው፤ አያ ዳኘው ናቸው የነገሩኝ። «እንዴት እንደሚገድል ግን እናውቃለን።»

መድኃኒቱ ለዶቶሬው ጣት ሲረዳው አየን። በጥቂት ወራት ውስጥ ብዕር መጨበጥ ቻለ። ከዚያ ከአገሬው ሰው ቁርጥማት የጠናባቸውን ሁለት ሰዎች መርጦ፣ «እነዚህንም እንርዳ» አለ። አንዱ ደሴ የሚባል የእብናት ገበሬ፣ አንዷ እትየ ሙሉነሽ፣ የደብረ ታቦር አዋላጅ።

የከተማው ወሬ መቼም አይጣል ነው። ወርቅ ቀልጦ ሰው ውስጥ ይገባል ተባለ። አያ ዳኘው ሽንት መሰብሰባቸውን የሰሙ ሴቶች ደግሞ፣ «ወርቁን ከሽንቱ አጥልሎ መልሶ ሊወስደው ነው!» አሉ። አያ ዳኘው ይህን ሲሰሙ እስኪያነቡ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከደሴ ነገር በፊት ነበርና።

ደሴ ጠንካራ፣ ዝምተኛ ገበሬ ነበር። ጉልበቱ አብጦ በበቅሎ ነበር የሚመጣው፤ ከጥቂት መርፌ በኋላ በእግሩ መጣ። አንድ የገበያ ቀን ግን ክፍላችን በሰው ታፍና፣ ሕፃን እየጮኸ፣ የተፈነከተ ሰው ደሙ እየፈሰሰ፣ ደሴ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ቆመና፣ «ትንሽ አፌን ቆጥቁጦኛል፣ በርበሬ ይሆናል» አለ። አያ ዳኘው ከተፈነከተው ሰው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «እሺ፣ እሺ» አሉና ወጉት። አፉን አላዩም። ሽንቱንም አላሞቁም። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ፤ አላስታወስኳቸውም።

በሁለት ሳምንቱ መሞቱን ሰማን። ድዱ እየደማ፣ ትኩሳት እያቃጠለው፣ ሰውነቱ በሽታ መቋቋም አቅቶት ነው የሞተው።

ዶቶሬው፣ «መድኃኒት ነው፣ አንዳንዴ ይገድላል፤ ዝም በል» አላቸው። ዘመዶቹ የሚያውቁት ነገር የለም፤ «ምች መታው» ብለው ቀብረውታል። አያ ዳኘው ግን እህል አልወርድ አላቸው። በሦስተኛው ቀን አንድ ቄስ ይዘው ወደ እብናት ወረዱ። የሆነውን የነገሩኝ እኒያ ቄስ ናቸው።

ከደሴ አጥር ሲደርሱ አያ ዳኘው ድንጋይ አንሥተው ጫንቃቸው ላይ አደረጉና ከደጁ ተንበረከኩ። የደሴ ወንድም ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። ቄሱ መስቀላቸውን ዘርግተው መሀል ገቡ። አያ ዳኘው አንገታቸውን ደፍተው፣ «ወንድማችሁን ምች አልገደለውም። እኔ ነኝ» አሉ። እንዴት እንደሆነም አንድ ሳይደብቁ ተናገሩ።

እናቱ ከቤት ወጡና ወንድምየውን በእጃቸው ገፋ አድርገው ቀረቡ። ደካማ አሮጊት ናቸው።

«አፌን ቆጠቆጠኝ ብሎሃል?»

«ብሎኛል፣ እናቴ።»

«አፉን አላየህለትም?»

«አላየሁም።»

እናቲቱ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ አሉኝ ቄሱ። ከዚያ፣ «ድንጋዩን አውርድ» አሏቸው። «የኔ ልጅ አይመለስም። የሌላውን ሰው ልጅ ግን አፉን እይ። ሳታይ የወጋህ ቀን ይህ ደም ይፈልግህ።»

ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ነው የመጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወርቅ መርፌ ይሁን የወባ፣ ሽማግሌ ይሁን ሹም፣ አፉን ሳይከፍት የሚወጋ የለም። «መጀመሪያ ሽንት፣ ቀጥሎ አፍ፣ መጨረሻ መርፌ» የሚሉት ነገር ያን ጊዜ መጣ። ከተማው፣ «አፍ ክፈቱ» የሚል ስም አወጣላቸው። ገበያ መሀል ሲያልፉ ጎረምሶች አፋቸውን ከፍተው ያሾፉባቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ቆም ብለው ከልባቸው ያዩታል። አንዱን፣ «ያ የኋለኛው ጥርስህ በስብሷል፤ ነገ ና» ብለውት ደንግጦ መጣና ነቀሉለት።

እትየ ሙሉነሽ የከተማውን እኩሌታ ያዋለዱ ሴት ናቸው። እጃቸው ሲታጠፍባቸው ምጥ የያዛት ሴት ቤት ተቀምጠው በአፋቸው ብቻ፣ «እንዲህ አርጊ፣ እንዲያ አርጊ» እያሉ ያለቅሱ ነበር። አያ ዳኘው ከእብናት በተመለሱ ማግስት አስቀምጠው የነገሯቸውን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«እትየ፣ ሰውነትዎ ከራሱ ጋር ተጣልቷል። ለኔ የሚመስለኝ እንዲያ ነው። ይህ መድኃኒት ጠቡን ያበርደዋል። ግን ጠብ የተወ ሰውነት ሌላ በሽታ ሲገባበትም ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት ከተሰማዎ፣ ጉሮሮዎ ከታመመ፣ አፍዎ ከቆሰለ፣ ቆዳዎ ካሳከከዎ፣ የመርፌዎን ቀን አይጠብቁ። ያኑ ዕለት ይምጡ። በኔ ሞት ይምጡ።»

እትየ ሙሉነሽ እጃቸው ተፈታ። መርፌው በተጀመረ በአምስተኛው ወር መንታ አዋልደው እየሮጡ መጥተው፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያጠፉና እየዘረጉ አሳዩን። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አያ ዳኘው ብልቃጡን በመብራቱ ላይ ሲያሞቁ ሽንቱ ነጭ ሆነ። ሌላ ቀድተው ደገሙት። ያም ረጋ።

«በቃ እትየ» አሉ።

«ምኑ ነው በቃ?»

«መርፌው። ኩላሊትዎን እየነካ ነው።»

«ኩላሊቴን ማን ያየዋል? እጄን ነው የምፈልገው!»

ለመኗቸው። እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ አያ ዳኘው ቀድመው ተንበረከኩና ሁለቱም መሬት ላይ ሆነው ተያዩ። አልወጓቸውም። እትየ ሙሉነሽ ረግመዋቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አያ ዳኘው በየሳምንቱ ቤታቸው ድረስ እየሄዱ፣ ከደጅ እየተሰደቡ፣ ሽንት እየተቀበሉ ይመለሱ ነበር። ሽንቱ የጠራው ከሦስት ወር በኋላ ነው። እጃቸው ዳግም ቢታጠፍም እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ሁለት ሴቶችን አስተምረው በነሱ እጅ ያዋልዱ ጀመር፤ ስድባቸውም ቀስ በቀስ ወደ ምርቃት ዞረ።

በዚህ መሀል ዶቶሬው ወደ አገሩ ተጠራ። ሲሄድ የቀሩትን ስድስት ብልቃጦች ለአያ ዳኘው አስረክቧቸው ነበር። ሌላ ሐኪም ሳይተካ ቆየ። ያኔ ነው አንድ ቀኛዝማች የመጣው።

ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ አሉ። ከጣሊያን ጋር አድሮ የሚያሳስር፣ የሚያስገድል ሰው ነበር። ወንድሜን ካሴን፣ ለአርበኞች ስንቅ አቀብሏል ብለው ከማሳው የወሰዱት የሱ ሰዎች ናቸው። ተገደለ ተባለ እንጅ ሬሳውን ያየ የለም። እናቴ ፍታት ሳታደርግለት፣ አፈር ሳታለብሰው፣ በር በሩን እያየች ሞተች። እንግዲህ ይህን ሰው አንቱ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

ጉልበቱን ቁርጥማት ይዞት ኖሯል። ወርቁን ሰምቶ አምስት ጠመንጃ ያዥ አስከትሎ ከክፍላችን ገባ። አያ ዳኘው ለጥ ብለው እጅ ነሡና ብልቃጥ ሰጡት።

«ምንድነው ይህ?»

«ለሽንት ነው ጌታዬ።»

«ቀኛዝማች ሽንት አምጣ ይባላል?»

«ዶቶሬውም ሰጥቷል፤ ሌላውም ሰው እንደዚሁ።»

አንደኛው ጠባቂ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ቀኛዝማቹ እያጉረመረመ ከግድግዳው ጀርባ ዞረ። አያ ዳኘው ሲያሞቁት ገና አቼቶው ሳይነካው ወተት መሰለ። እንዲያ ያለ አይቼ አላውቅም።

«ኩላሊትዎ ቀድሞውኑ ታሟል። ይህን መድኃኒት ለእርስዎ መስጠት መግደል ነው» አሉት። «ጨው ይቀንሱ፤ ይረፉ። ለጉልበትዎ ሌላ ነገር እፈልግልዎታለሁ።»

«በሳምንቱ እመለሳለሁ» አለ ቀኛዝማቹ። «ያን ቀን ትወጋኛለህ።»

ወሬው ያልደረሰበት የለም! በማግስቱ በርበሬ ነጋዴ የመሰለ ሰው እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ጨርቁ ሲፈታ እጁ ጤነኛ ነው። ከአርበኞች የተላከ ነበር። አያ ዳኘው ቁስለኞቻቸውን በየገደሉ እየሄዱ እንደሚያክሙ አውቃለሁ፤ እኔም ጨርቅ እየቀቀልኩ እሰጣቸው ነበርና ከኔ የሚደበቅ ነገር የለም።

«ይውጉት» አለ ሰውየው። «በፈለገው መድኃኒት፣ በገዛ አፉ ለምኖ ነው የሚሞተው። ማንም አይጠረጥርዎም። ስንት ሰው ይተርፋል!»

አያ ዳኘው ጨርቁን መልሰው እየጠቀለሉለት፣ «የቆሰለ ሰው ላኩልኝ፤ ሌት ይሁን ቀን አክማለሁ። እንድገድለው ሰው አትላኩልኝ» አሉ።

ሰውየው ሲወጣ እኔ ፈነዳሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ክፉ ቃል ተናግሬያቸው አላውቅም።

«ካሴን የበላ ሰው ነው! እግዜር በእጅዎ ጥሎልዎት ኩላሊቱን ያስታምማሉ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ጥሩነሽ፣ ወንድምሽን አልረሳሁም። ጠመንጃ አንሥተሽ ልትገጥሚው ብትወጭ መንገዱን እኔ አሳይሻለሁ፤ ብትቆስይም አክምሻለሁ። መርፌውን ግን ተይልኝ። ይህች መርፌ አንድ ጊዜ ሰው ለመግደል ከገባች፣ ነገ ያቺ ከእብናት የምትመጣው ባላገር በምን አምና ክንዷን ትዘረጋልኛለች?»

«እርስዎ ቅዱስ መሆን ነው የሚፈልጉት» አልኳቸው።

«እኔ? ደሴን ገድዬ?» አሉ። መነጽራቸውንም መልሰው በክሩ አሰሩ።

ቀኛዝማቹ በቀጠሮው መጣ። አያ ዳኘው ብልቃጥ ቢሰጡት በአለንጋው ጫፍ መትቶ ጣለው። እሳቸውም፣ «እንግዲያው አልወጋም» አሉ። ቀኛዝማቹ ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ የማን እህት እንደሆንኩ አያውቅም።

«አንች ነሽ መርፌውን የምትቀቅይው። አይተሽዋል። አንች ውጊኝ።»

ሳጥኑን ከፈትኩ። እውነቱን ልናገር፤ እወጋው ነበር። አንዱን ብልቃጥ ሰብሬ ወርቁን እስከ መጨረሻው በመርፌው ቀዳሁ። ቀኛዝማቹ ዞሮ ቀበቶውን እየፈታ ነው። ያኔ አያ ዳኘው መጥተው የእጄን አንጓ ያዙ። አልጨበጡኝም፤ ምት እንደሚቆጥር ሰው በሁለት ጣት ነው የያዙኝ። መርፌውን ከእጄ ወሰዱና መሬት ላይ አፈሰሱት። ቀጥለው ሳጥኑን አንሥተው ከድንጋዩ ወለል ላይ ወረወሩት። የቀሩት አምስቱም ብልቃጦች ተሰበሩ።

«አሁን ለማንም የለም» አሉ።

እዚያው ደጃፉ ላይ አስገረፋቸው። ስንት ጊዜ እንደመቷቸው አልቆጠርኩም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር። ከዚያ አሰሯቸው። ከወራት በኋላ ሲፈቱ ጢማቸው ነጥቶ፣ ወገባቸው አልቃና ብሎ መጡ። አርበኞቹም፣ «ባንዳ አዳነ» ብለው ተቀይመዋቸዋል። እኔም እንደዚሁ። ሥራ አብሬ እሠራለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ፣ ግን ከ«እሺ» በቀር ቃል አልወጣኝም። እሳቸው እንደ ድሯቸው፣ «እንዴት አደርሽ ጥሩነሽ» ብለው ይገባሉ፤ «ደኅና ዋይ ጥሩነሽ» ብለው ይወጣሉ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ቀኛዝማቹ ተይዞ መጣ። እግሩና ፊቱ አብጦ ከበቅሎ በሰው ነው የወረደው። ዳኞቹ ከከተማው በታች ካለው ሜዳ ላይ ተቀመጡ፤ የተበደለ ሁሉ ተነሥቶ ይናገር ተባለ። አያ ዳኘው ሕዝቡ መሀል ነበሩ፤ ቁስላቸውን ያጠቡላቸው አርበኞች ስለመሰከሩላቸው ማንም አልነካቸውም። የተገረፉትን አንሥተው ሊከሱ ይችሉ ነበር፤ አልተነሡም።

እኔ ተነሣሁ። ቀኛዝማቹ ፊት ቆሜ፣ «እኔ የካሴ እህት ነኝ» አልኩት። «ከማሳው ያስወሰድከው የካሴ። እናቴ አፈር ሳታለብሰው ሞተች። ገደልከው አልገደልከው ብዬ አልጠይቅህም። የት ጣልከው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ምናልባት ያን ቀን ብልቃጥ ይዤ የቆምኩትን አስታወሰኝ፤ አላውቅም። ከዚያ አንገቱን ደፋና ቀስ ብሎ ተናገረ። ከወንዙ ማዶ፣ ከሾላዋ ሥር፣ ከትልቁ ድንጋይ በስተግራ። ከሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ይዘውት የሄዱት ሰዎች ሁሉ በጦርነቱ አልቀው ነበር።

ፍርዱ ምን እንደሆነ ቆሜ አልሰማሁም። ሮጬ ከሜዳው ወጣሁ። ወንዙ ጋ ስደርስ ኋላዬ የሰው ኮቴ ሰማሁ። አያ ዳኘው ናቸው፤ ዶማ ተሸክመው፣ በዚያ በተጎዳ ወገባቸው እያነከሱ። «ያን ቀን ብትወጊው ኖሮስ፣ አየሽ?» አላሉኝም። «ቀስ በይ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል» ብቻ አሉኝ።

የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። ገና ጥልቅ ሳይሆን አገኙት። ዶማውን ጣሉና በእጃቸው አፈሩን ይጠርጉ ጀመር። ነጠላዬን ከሾላዋ ጥላ ላይ አነጠፍኩ። አጥንት የሚያውቁ ሰው ናቸውና እያንዳንዱን እየጠረጉ በየቦታው ደረደሩት፤ ራሱን ከላይ፣ የጎኑን ግራና ቀኝ፣ እግሩን ከታች። እኔ ማልቀስ አቅቶኝ እጃቸውን ብቻ አያለሁ።

የተሰበሰበ መሰለኝና ነጠላውን ልጠቀልል ስል፣ «ቆይ» አሉኝ። ከግራ እጁ የትንሿ ጣት ጫፍ ጎድላ ነበር። ፀሐይዋ እየጠነከረች ሄደች፤ እሳቸው መነጽራቸውን በላብ እየወለወሉ፣ አፈሩን በመዳፋቸው እያበጠሩ፣ ጥቂት በጥቂት ፈለጉ። አንዴም አልቸኮሉም። በመጨረሻ ከጤፍ ክምር ውስጥ ገብስ እንደሚለቅም ሰው አንዲት ነገር ለቀም አድርገው በሸሚዛቸው ጠረጓትና ከቦታዋ አኖሯት።

ከዚያ ከጉልበታቸው ሳይነሡ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሙሉ ነው ጥሩነሽ» አሉ። «አሁን ማልቀስ ትችያለሽ።»